የእቴቴ ፏፏቴ፦ ከአሜሪካ የመጣው ፓምፕ ለምን ሰነፈ?

ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። እቴቴ ናቸው። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ከማስተማር ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀናቸው የሚያልቀው ግቢያቸው ውስጥ ነው።

«ፏፏቴዬ ሞተ» አሉኝ።

«መብራት ሄዶ እንዳይሆን?»

«መብራትማ አለ። ፓምፑ እምምም ይላል፣ ውሃ ግን ጠብ አይልም። ና እስቲ እየው።»

ሥራዬ ሌላ ነው። ግን የሚሽከረከር ነገር ሲቆም ፈትቼ ካላየሁት ደስ አይለኝም። ቤተሰቡ ይህን አመሌን ያውቃል፣ በነጻም ይጠቀምበታል።

ግቢው ኮተቤ ነው። ኩሬዋ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ናት፣ ጥልቀቷ ከጉልበት አያልፍም። ግንበኛ በድንጋይና በሲሚንቶ የሠራት ናት። ከኋላዋ ድንጋይ ተደራርቦ ትንሽ ገደል ተሠርቷል። አናቱ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደ ምላስ ወጣ ብሎ ተቀምጧል። ፓምፑ ኩሬው ውስጥ ሰምጦ ውሃውን በጎማ ወደ ላይ ይገፋል፣ ውሃው በምላሱ ላይ ፈስሶ ተመልሶ ኩሬው ውስጥ ይወድቃል። ያው ውሃ ነው ሲዞር የሚውለው።

ፓምፑን ያመጣችው ሜሪላንድ የምትኖረው ልጃቸው ናት። ለገና ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛው ገባች። የአሜሪካ ዕቃ ስለሆነ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር እዚሁ ተገዛለት። ግንበኛው ገጠመው፣ ፎቶ ተነሳ፣ ልጅቷም ተመለሰች።

ስደርስ የሦስት ሰው ሦስት ምርመራ ጠበቀኝ። ባለፈው ቀን ተጠርቶ የነበረው የቧንቧ ሠራተኛ «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ» ብሏል። አያይዞም «አዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ ፓምፕ እዚህ ይደክማል» ብሎ ሄዷል። ጎረቤታቸው ደግሞ ቮልቴጅ ነው ባይ ናቸው። ሦስተኛው የግቢው ዘበኛ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው በጨዋ ደንብ ሌሎቹን አስቀድመው፣ መጨረሻ ላይ «እኔ እንጃ፤ ይሄ ነገር ድሮም ፏ ብሎ አያውቅም» አሉ።

የከፍታውን ነገር እግረ መንገዴን ላንሳው፣ ብዙ ሰው ይለዋልና። ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። ፓምፕ ከውሃው በላይ ተቀምጦ ውሃ ወደ ራሱ ሲስብ፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋለት የአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ሊያወጣ ይችላል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ ጉድጓድ አፍ ላይ ለተቀመጠ ፓምፕ የአዲስ አበባ ከፍታ ቁም ነገር ነው። የእቴቴ ፓምፕ ግን ውሃው ውስጥ ሰምጧል። አይስብም፣ ይገፋል። ከፍታው አይመለከተውም።

እኔ ያመንኩት የጋሼን ነው። ስለዚህ መሣሪያ ከመፍታቴ በፊት ጠየቅኩ። «እቴቴ፣ ይሄ ፏፏቴ አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጎ ወርዶ ያውቃል?»

ትንሽ አሰቡ። «ሲገጠም ሰሞን ይወርድ ነበር። ግን ካርቶኑ ላይ እንዳለው ሥዕል አይደለም። ቀጭን ነው። ልጄን ቅር እንዳይላት ዝም አልኩ። ኋላ እየቀነሰ እየቀነሰ፣ ይኸው።»

እዚህ ላይ ሁለት በሽታ እንዳለ ገባኝ። አንዱ ነበረና የጠፋ ነው፤ ሌላው ከመጀመሪያውም ያልነበረ። ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያይና ፓምፑን አጥቦ «አልዳነም» ይላል። ማጠብ የሚያድነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው የአገጣጠም ወይም የአመራረጥ ጉድለት ነው፣ በብሩሽ አይለቅም።

እጄን መጀመሪያ ያስገባሁት ኪሴ ውስጥ ነው። ጋሼ ለካ ፓምፑ እየሠራ ውሃው ውስጥ እጃቸውን ከተው «እስቲ ይንቀሳቀሳል?» እያሉ ሲዳስሱት ሰንብተዋል። ትራንስፎርመሩ በፌስታል ተጠቅልሎ ግራቪሊያው ሥር ተንጠልጥሏል። ስፒናው ገብቶ የሚወጣበት አዳፕተር አንድ ጎኑ ጠቁሯል፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ተሸብሽቧል። ከእነዚህ ትንንሽ ማውረጃዎች አንዳንዶቹ መግቢያና መውጫቸው በውስጥ በሽቦ የተያያዘ ነው፤ የግድግዳው መብራት ወደ ፓምፑ የሚያልፍበት መንገድ አለ። «110 ነው፣ አይጎዳም» ብሎ እጁን ውሃ ውስጥ የሚከት ሰው በእድሉ ነው የሚጫወተው። ከሶኬቱ ነቀልኩት። አዳፕተሩን እዚያው ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ኩሬ ውስጥ የሚገባ መስመር ሁሉ በ30 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር ያስፈልገዋል፣ ኤሌክትሪሺያኖች አርሲዲ የሚሉት ነው። እሱ በሳምንቱ ተገጠመ።

በቴስተር ስለካ ሶኬቱ 218 ቮልት ይሰጣል፣ ትራንስፎርመሩ 109። የጎረቤትየው ምርመራ ቢያንስ በዚያ ሰዓት አልሠራም።

ፓምፑን አወጣሁት፤ በሽቦው ጎትቼ ሳይሆን በእጀታው ይዤ። ሽቦው ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ከላላ ውሃ ይገባና ነገሩ ያልቃል። የፊቱ ማጣሪያ የለም ማለት ይቀላል። የግራቪሊያ ቅጠል ተበጣጥሶ እንደ ጎመን ተጠቅጥቋል፣ በላዩ ላይ ጥቁር ዝቃጭ። ግራቪሊያ ለጥላ ደግ ዛፍ ነው፣ ለኩሬ ግን ጠላት ነው። ቅጠሉ ሲረግፍ ይሰባበርና ቀዳዳ ሁሉ ውስጥ ይገባል።

ክዳኑን ሩብ ዙር አዙሬ ከፈትኩት። የዚህ ዓይነት ትንሽ ፓምፕ ውስጡ ሲታይ ያስገርማል፣ ምንም የለውም። አንድ ሲሊንደር ማግኔት አለ፣ ጫፉ ላይ ውሃ የሚገፋው ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ ተጣብቋል። ይኸው ነው የሚዞረው። የሞተሩ ሽቦ በግድግዳው ማዶ ሙጫ ውስጥ ተደፍኗል፣ ውሃ አይነካውም። ጥቅሙ ቀላልነቱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሽቦው የእውነት ከተቃጠለ ሞተር የሚጠቀልሉ ልጆችም አይረዱህም፣ ይጣላል። ግን ይሄኛው እምምም ይላል። የተቃጠለ ሞተር ብዙውን ጊዜ ድምፅ የለውም። እምምም የሚለው መዞር ፈልጎ ያልቻለ ነው።

ማግኔቱን ስስበው ያዝ አድርጎኝ ለቀቀ። እንዝርቱ ላይ የተጠመጠመው ነገር ይኸው ነው። ቀጭን አረንጓዴ ጸጉር የመሰለ የውሃ ዝልግልግ፣ በመሃሉ አንድ ነጭ ክር። ክሩን ጋሼ ወዲያው አወቁት። «የማዳበሪያው ነው» አሉ። በበጋ ፀሐይ ኩሬውን በማዳበሪያ ጆንያ ይሸፍኑት ነበር፣ ጆንያው እየተቦጨቀ ክሩ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሃያ ዙር ያህል ተጠምጥሟል። በጥፍሬ ፈልጌ ጫፉን እስካገኝ ጊዜ ፈጀብኝ።

እንዝርቱ ሴራሚክ ነው፣ ከስክሪፕቶ ቀፎ ብዙም አይወፍርም። እንደ ጠመኔ ቀጭ የሚል ነገር ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ደህና ነበር። ነጭ ቅርፊት ግን ትንሽ ይዟል። ይህ ነጭ ነገር ውሃው ከጉድጓድ ሲሆን ይበዛል። ኮተቤ የሚደርሰው ግን የለገዳዲ የግድብ ውሃ ስለሆነ ቀላል ነበር። አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለን ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍነው፣ ያ ጊዜ ለሁለተኛ ቡና ሆነ። በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ አጠብኩት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ ሰካሁት።

ውሃ መጣ። እቴቴ አጨበጨቡ። ጋሼ ግን ዝም ብለው አዩት። «ይኸው፤ የድሮው ተመለሰ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከምላሱ ላይ የሚወርደው እንደ ክር ነው። ያውም ግማሹ አይወርድም፤ ድንጋዩን እየላሰ ከሥሩ ወደ ኋላ ይዞራል።

የመጀመሪያው በሽታ ድኗል። ሁለተኛው ቀረ።

«ዳነ» እና «አልዳነም» እያሉ ከመከራከር መለካት ይሻላል። ሃያ ሊትር ጀሪካን አመጣሁ፣ ድንጋዩ አናት ላይ አስቀመጥኩት፣ የጎማውን ጫፍ አንስቼ አፉ ውስጥ ልከት ስል ውሃው ቆመ። ጸጥ። ጎማው የታጠፈ መስሎኝ አየሁ፣ አልታጠፈም። ጫፉን ወደ ምላሱ ዝቅ ሳደርገው ውሃ መጣ። ወደ ጀሪካኑ አፍ ከፍ ሳደርገው ቆመ። ዝቅ፣ መጣ። ከፍ፣ ቆመ።

የጀሪካን ቁመት አርባ ሳንቲም ቢሆን ነው። አርባ ሳንቲም የሚገድለው ፓምፕ!

የቀኑ ትልቁ ግኝት ይህ ስህተቴ ነበር። ፓምፕ ሁሉ ከዚያ በላይ የማይገፋበት ጣሪያ አለው። ውሃው እዚያ ደርሶ ጎማው ውስጥ ይቆማል፣ አይወጣም አይወርድም። በዚያ ሰዓት ጎማው ጠባብ ይሁን ሰፊ ለውጥ አያመጣም። የሚፈስ ነገር ስለሌለ ፍትጊያ የለም። ስለዚህ ቁጥሩ ስለ ፓምፑ ብቻ ነው የሚናገረው። ጎረቤት ግንባታ ላይ ካሉት ግንበኞች ውሃ ልክ ተዋስን። ያቺ ውሃ የተሞላች፣ ወዲያና ወዲህ የምታስተያይ ብርሃን አስተላላፊ ጎማ ናት። ገደሉ ወደ ኋላ ገባ ስለሚል ሜትር ቀጥ አድርጎ መዘርጋት አይቻልም ነበር። በውሃ ልክ ከኩሬው ውሃ ገጽ እስከ ምላሱ 1.35 ሜትር ሆነ። ከፍታው የሚለካው ከውሃው ገጽ ነው እንጂ ፓምፑ ከተቀመጠበት ወለል አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከዚያ ያንኑ የግንበኞች ጎማ የፓምፑ አፍ ላይ ሰካንና ወደ ላይ አቆምነው። ውሃው ወጥቶ 1.68 ሜትር ላይ ቀጥ አለ።

ካርቶኑን አስወጣሁ። እቴቴ ካርቶን አይጥሉም። «ከፍተኛ ከፍታ 8 ጫማ፣ ከፍተኛ ፍሰት 620 ጋሎን በሰዓት» ይላል። ስምንት ጫማ ማለት 2.44 ሜትር ነው። የእኛው 1.68 ላይ ቆሟል። ከካርቶኑ ሰባ በመቶ እንኳ አልሞላም። ፓምፑ ንጹሕ ነው፣ ክንፉ አልተሸራረፈም፣ ቮልቴጁ አለ። ታዲያ ሰላሳ በመቶው የት ሄደ?

ይህን እያሰላሰልኩ ምሳ ተጠራሁ። ሳሎን ገብቼ የግድግዳውን ሰዓት ሳጣ ቡፌው ላይ ያለችውን ቀይ ቁጥር የምታበራ የራዲዮ ሰዓት አየሁ። ለምሳ ገና ጠዋት ትላለች።

«እሷን አትያት» አሉ እቴቴ። «ከአሜሪካ ከመጣች ጀምሮ ትዘገያለች። በየቀኑ ብሞላትም ወደ ኋላ ነው።»

«በስንት ትዘገያለች?»

«በሰዓት አሥር ደቂቃ።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። በሰዓት አሥር ደቂቃ፣ በትክክል። ያረጀ ሰዓት ቢሆን አንድ ቀን ትንሽ፣ አንድ ቀን ብዙ ነበር የሚዘገየው። ሁልጊዜ አሥር ደቂቃ ማለት ስድሳን አምሳ ብሎ የሚቆጥር ሰዓት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግድግዳ መብራት አቅጣጫውን እየቀያየረ ነው የሚመጣው። በኢትዮጵያ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ በአሜሪካ 60 ጊዜ። ሄርትዝ የሚባለው ይኸው ነው። እንዲህ ዓይነት የራዲዮ ሰዓቶች ብዙዎቹ ጊዜ የሚቆጥሩት ይህን ምልልስ በመቁጠር ነው። ስድሳ ሲሞላ አንድ ሴኮንድ ይላሉ። እዚህ አምሳ ብቻ ስለሚመጣላት ምስኪኗ ሁልጊዜ ትከስራለች። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ምልልሱን አይነካም። 50 ገብቶ 50 ይወጣል።

ፓምፑም እንደ ሰዓቷ ነው። ማግኔቱ ምልልሱን እግር በእግር ተከትሎ ነው የሚዞረው፣ አይቀድምም አይዘገይም። አሜሪካ በደቂቃ 3,600 ጊዜ ይዞር የነበረው እዚህ 3,000 ጊዜ ይዞራል። ሮጬ ወጥቼ የፓምፑን ሆድ በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። ዝቃጩ ሥር ጽሑፉ አለ፦ 120 ቮልት፣ 60 ሄርትዝ። ጠዋት ሳጥበው አይቼው ነበር ማለት ይቻላል፣ አላነበብኩትም እንጂ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛ ሲወርድ፣ የውሃው መጠን አብሮ በዚያው ልክ ይወርዳል። የሚገፋበት ከፍታ ግን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚወርደው። አምስት ስድስተኛ በአምስት ስድስተኛ ሲባዛ 0.694 ይሆናል። 2.44 ሜትር ሲባዛ በ0.694 ደግሞ 1.69 ሜትር ነው። እኛ የለካነው 1.68። አንድ ሳንቲም ለግንበኞቹ ውሃ ልክ ይቅር እንላለን።

እቴቴ የሒሳቡን ወረቀት መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ። ቀጥለው ግን «ታዲያ ልጄን አትንገራት» አሉኝ።

የጎማው ጥፋትም አለ። ግንበኛው የፓምፑ አፍ ላይ ግማሽ ኢንች የአትክልት ጎማ በፋሸታ አስሮ ነው የገጠመው፣ ርዝመቱ አራት ሜትር። የፓምፑ አፍ ግን አንድ ኢንች ይቀበላል። ሰው የጎማ ነገር ሲነሳ «ውሃው በጠባብ ሲያልፍ ይፈጥናል» ይላል። ይፈጥናል፣ ግን ፓምፑን ትንፋሽ አሳጥቶ ነው። በሰዓት 1,200 ሊትር በ13 ሚሊሜትር ጎማ ብታሳልፍ፣ ጎማው ብቻውን በየአንድ ሜትሩ ስድሳ ሳንቲም ያህል የከፍታ አቅም ይበላል። ያንኑ ውሃ በ25 ሚሊሜትር ብታሳልፍ ሦስት ሳንቲም አይሞላም። ሁለት እጥፍ የሆነ ስፋት ሃያ ምናምን እጥፍ ያቀልላል። እኛ ደግሞ ከምላሱ በላይ የቀረን አቅም ሰላሳ ሦስት ሳንቲም ብቻ ነበር። ቆጣቢ ቤት ውስጥ አባካኝ ገብቶ ተቀምጧል።

የጎማውን ጫፍ ምላሱ እኩል ይዤ አሥር ሊትር ባልዲ ከሥሩ አስቀመጥኩ። በግማሽ ኢንቹ ጎማ ባልዲው በ1 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ ሞላ፤ በሰዓት 370 ሊትር ገደማ ነው። አንድ ኢንች ጎማ ከሰፈሩ ሱቅ አምጥተን ቀየርን። በ45 ሴኮንድ ሞላ፤ 800 ሊትር። ያው ፓምፕ፣ ያው መብራት። ጎማ በመቀየር ብቻ ከእጥፍ በላይ።

ግን 800ም አይበቃም። ፏፏቴ ከምላሱ ላይ እንደ ወፍራም ሻሽ ተዘርግቶ እንዲወርድ፣ ለእያንዳንዱ ሳንቲም ስፋት በሰዓት 150 ሊትር ገደማ ይታሰባል። ስስ ለሆነ በግማሹ ይበቃል። የእቴቴ ምላስ ሃያ ሳንቲም ነው። ለወፍራሙ 3,000፣ ለስሱ እንኳ 1,500 ይፈልጋል። ገደሉን ዝቅ እናድርገው ወይ አልኩ። እቴቴ ቁጣ በተቀላቀለበት ትሕትና እምቢ አሉ።

በሳምንቱ መርካቶ ወርጄ ሆዱ ላይ 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ የተጻፈበት ፈለግኩ። ሻጩ አንዱን አነሳና «ይሄ ሦስት ሜትር ተኩል ያወጣል፣ በሰዓት ሦስት ሺህ ሊትር» አለኝ። ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው። ግን አብረው አይመጡም። ሦስት ሜትር ተኩል ላይ የሚወጣው ውሃ ዜሮ ነው። ሦስት ሺህ ሊትሩ ደግሞ ምንም ከፍታ ሳይኖር ነው። አንተ ያለኸው በመሃል ነው። ለ1.35 ሜትር በሰፊ ጎማ ሁለት ሺህ ከፍ ያለ ይሰጠናል ብዬ ገመትኩና ገዛሁት። ስንለካው ባልዲው በ17 ሴኮንድ ሞላ፤ 2,100 ሊትር። ምላሱ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ጠጠር በሲሚንቶ አስቀምጠን ስፋቱን ወደ 14 ሳንቲም አጠበብነው። ያኔ ሻሹ ወረደ።

አንድ ነገር ቀርቶን ነበር። ጋሼ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ውሃ ኩሬው ውስጥ ይጨምራሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አርባ ሊትር ቀላል አይደለም። አዲሱን ፓምፕ ከመግዛታችን በፊት ባለው ሳምንት ይህን ለየነው። ኩሬው ግድግዳ ላይ በሚስማር ጫርን። ፓምፑን አንድ ቀን ሙሉ አጠፋን፤ ውሃው ግማሽ ሳንቲም ወረደ። በዚህ ኩሬ አንድ ሳንቲም ሰላሳ ሊትር ነው፤ አሥራ አምስቱን ፀሐይ ወስዳለች ማለት ነው። ማግስቱን አበራነው፤ ሳንቲም ተኩል ወረደ። ስለዚህ ኩሬው አይደለም የሚያፈሰው፣ መንገዱ ነው። መንገዱን ያገኙት ጋሼ ናቸው። ማታ ከድንጋዮቹ ኋላ አመድ ነሰነሱ። ጠዋት አመዱ ላይ ጣት የምታህል እርጥብ መስመር ከምላሱ ሥር ተነስታ ወደ ጽጌረዳው ሄዳለች። ጽጌረዳው ለምን እንደዚያ እንዳማረበት ያኔ ገባን።

ደካማ ውሃ ከድንጋይ ጫፍ አይዘልም፣ ተጣብቆ ከሥር ይዞራል። ግንበኛው በመሮ ከምላሱ ሥር፣ ከጫፉ ሦስት ሳንቲም ገባ ብሎ ቦይ ቆፈረ፤ የሚልሰው ውሃ እዚያ ሲደርስ ተቆርጦ ይወድቃል። ውሃው ራሱ ሲጠነክር ደግሞ መዝለል ጀመረ። አሁን ጋሼ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ሁለት ጀሪካን ቢጨምሩ ነው። ማጣሪያው ዙሪያ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ የአትክልት ቅርጫት ደፍተንበታል፣ ቅጠሉ ከሩቅ እንዲቀር። ማዳበሪያው ተወገደ።

የአሜሪካው ፓምፕ አልተጣለም፣ እቴቴ አይሆንም አሉ። በረንዳው ላይ አንድ አሮጌ ገንቦ ሳፋ ውስጥ ቆሟል። ከገንቦው አፍ ውሃ ሞልቶ ጎኑን እያራሰ ይወርዳል፤ ከፍታው ግማሽ ሜትር ነው። ለዚያ ይበቃዋል፣ እንዲያውም ይተርፈዋል። በ60 የተሠራ ሞተር በ50 ሲሠራ ትንሽ ይሞቃል፤ ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ነው የሚበራው። ትራንስፎርመሩ ከዝናብ ወጥቶ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ልጅቷ በቪዲዮ ስትደውል እቴቴ ስልኩን ቀጥ አድርገው ወደ ገንቦው ነው የሚያዞሩት። «አንቺ ያመጣሽው ነው፣ ቀን ከሌት አይደክም» ይሏታል። ውሸት የለውም፣ ቀን ከሌቱ ብቻ ተጨምሮበታል።

ባለፈው ስሄድ ጋሼ ወደ ጎን ሳብ አድርገውኝ ቅሬታ አቀረቡ። ድምፁ በዝቷል። ሌሊት ሲሰሙት እንቅልፍ ያመጣባቸዋል፣ ዘበኛ ደግሞ መተኛት የለበትም። ሰዓት ቆጣሪ ሶኬት ገጠምንበት። ማታ 4 ሰዓት ሲሆን ይዘጋል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል። ሶኬቱ የራሱ ሰዓት አለው፤ ከመግዛቴ በፊት ጀርባውን ገልብጬ 50 ሄርትዝ የሚለውን አይቻለሁ።